የተጨበጨበለት ማመልከቻ

በደርግ ጊዜ፣ በእኛ በቆቦ ዳር ገበሬ ማኅበር፣ ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ጸሐፊ ይባል ነበር። እኔም በዚሁ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ማንም አልፈተነኝም። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ሥራው ተስማማኝ፤ ወረቀት አያፈጥብኝም።

አንድ ሐምሌ፣ ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ተራዬን በሉት» አሉኝ።

ማሽላችን የሚጠጣው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ነው። በቦይ እየጠለፍን ማሳ ለማሳ በተራ እናዳርሰዋለን። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጎርፍ ሲመጣ፣ ተራው የእሳቸው ሆኖ ሳለ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ወንድሙ ማሳ አዞረው። የሚቀጥለውም ካለፋቸው የዓመት እህላቸው አበቃለት። በስብሰባ የሚነበብ ማመልከቻ ፈለጉ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ኢምፔሪያሊዝምን ረገምኩ። ፊውዳሊዝምን ቀበርኩ፤ ቀድሞ የተቀበረ ቢሆንም መድገም አይጎዳም ብዬ። ውሃው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ገባ፤ «ከውሃ አጠቃቀም ጋር የተያያዙ አንዳንድ ሁኔታዎች እንዲታዩ» ይላል። በዚች ሐረግ ኮርቼ ነበር።

አነበብኩላቸው።

«ማሽላዬ የቱ ጋ ነው?»

«መጨረሻው ላይ አለ፣ እትዬ።»

«ወላሂ አልሰማሁትም። እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

በስብሰባው ሊቀመንበሩ ራሱ ድምፁን አሳምሮ አነበበው። ተጨበጨበ። «እንዲህ ያለ ንቃት አይቼ አላውቅም፣ ጓዲት» አለኝና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

«ፈቀደ?» አሉኝ እትዬ በሹክሹክታ።

«አመሰገነ።»

«ማሽላ ምስጋና አይጠጣም።»

በመንገድ ላይ ቁጣቸውን ለቀቁብኝ። «ለአንቺ ስነግርሽ ይህን ሁሉ አወራሁ? የነገርኩሽን ለምን አልጻፍሽውም?» መልሱን አፍሬ አልነገርኳቸውም። እሱንማ ማንም ይጽፈዋል ብዬ ነበር። ማንም ግን አልጻፈውም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ፦ «ሐሙስ ጎርፍ መጣ። ተራው የእኔ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ወንድሙ ማሳ አዞረው። ማሽላዬ ጉልበት ደርሶ ቅጠሉ እየተጠቀለለ ነው። የሚቀጥለው ጎርፍ የእኔ ይሁን።»

ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር አነበበ። ሦስተኛው ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ መፈክር የለውም» አለ።

«የቀረውን አንብበው እንጂ» አሉ ቦዩን የሚጠብቁት ሽማግሌ።

«ጽሕፈቱ አይታይም። የጻፈችው ታንብበው።»

እንደማልናገር ያውቃል። ተነሣሁ። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ አነበብኩት።

«ከፍ አድርጊው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም የሊቀመንበሩን ወንድም ያያል፤ ወንድምየው ጫማውን።

«ተራው የእሷ ነበር። እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ ወዲያ ሊቀመንበሩ ምን ያድርግ? የሚቀጥለውን ጎርፍ ለእትዬ ወሰነና አብዮታዊ ውሳኔ ነው አለ። ያኔ ብቻ ተጨበጨበ። ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ ንቃቴ እንደወረደ፣ ከእንግዲህም ቃለ ጉባኤ እንዳልይዝ ነገረኝ።

ጎርፉ ነሐሴ ሲገባ መጣ። እትዬ የቦያቸውን አፍ በእጃቸው ከፈቱ። እኔ አካፋ ይዤ፣ ውሃው ወደ ወንድምየው ማሳ እንዳያመልጥ ቀዳዳውን በአፈር እደፍን ነበር።