በሺህ አይካፈልም

ስለ ውኃ ሳወራ ጉራ ይመስላል። ይምሰል! አዋሽ ዳር፣ ጥጥ እርሻ ላይ ዘጠኝ ዓመት ውኃ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውጭ አገር፣ ኦሮራ ከተማ መጥቼ ግን አሥራ አንድ ዓመት የኤርፖርት ሻትል ነዳሁ። ባለፈው ሰመር፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያሉ ገበሬዎችን የመስኖ ውኃ የሚቆጣጠር ትንሽ ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። ባለቤቴ «አሁን ገና ፊትህ በራ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ሆንኩ። ኩሬ ውስጥ የተተከለው መለኪያ 4.2 ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ያነበብኩት በሜትር ነውና ሜትር ብዬ ጻፍኩ። ለካ በፉት ነው! ኩሬው ወረቀት ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ቁጭ አለ። አለቃዬ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ወደ ሻትልህ ትመለሳለህ» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሙከራዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ ሄድን። በቆሏቸው ሊያፈራ ነው፤ ውኃ አጥብቆ የሚፈልግበት ጊዜ። ለሰመሩ የተፈቀደላቸው አርባ አምስት ኤከር ፉት ነው። አንድ ኤከር ፉት ማለት አንድ ኤከር መሬት ላይ አንድ ፉት ከፍ ብሎ የሚተኛ ውኃ ነው። የፓምፓቸው ቆጣሪ ግን ከአውሮፓ የመጣ ስለሆነ በሜትር ኩብ ይቆጥራል። 49,300 ይላል። አለቃዬ አንድ ኤከር ፉት ሺህ ሜትር ኩብ መስሎት በሺህ አካፈለና «አርባ ዘጠኝ! አልፈዋል፤ ፓምፑ ይዘጋል» ብሎ አጠፋው። ሽማግሌው ዞረው በቆሏቸውን አዩ።

ላብ አጠመቀኝ። በሺህ አይካፈልማ! ግን ደግሜ ከተሳሳትኩ እንጀራዬ ሄደ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሰው በቆሎ ግን ይደርቃል። «ቆይ፣ ቆይ!» አልኩ። ከመኪናው ካርቶን ቀድጄ ጻፍኩ፦ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር፣ ፉት ሠላሳ ሳንቲ ተኩል ገደማ። ሲባዛ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን። አላመንኩም፤ በአዋሹ ዘዴ ደገምኩት። እዚያ አንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊሜትር ውኃ ማለት አሥር ሜትር ኩብ ነው፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አልስተውም። ኤከር ደግሞ የሄክታር አራት አሥረኛ ነው፣ ፉትም ሦስት መቶ አምስት ሚሊሜትር። እዚያው አካባቢ መጣ። «በዚህ ሲካፈል የተጠቀሙት አርባ ነው፤ ገና አምስት ይቀራቸዋል» አልኩ አፌን ሞልቼ።

አለቃዬ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። 1,233። ጆሮው ቀላ። ይቅርታ ጠየቀ፤ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን። ፓምፑ እንደገና ተነሳ። ካርቶኑን መኪናው ውስጥ ከመሪው አጠገብ ለጠፈው፤ ዛሬም እዚያው ነው። እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ ሁሉ «ከየት ነህ?» ሲለኝ ነው የኖርኩት። ሽማግሌው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ጨበጡኝና «ሌላስ ምን ታውቃለህ?» አሉኝ። ደረቴ ተነፋ፤ እንባዬም መጣ።

«ብዙ» አልኳቸው።