እኔ ነኝ የላክሁት

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ስልክ የያዙት ዘግይተው ነው። ከገነተ ማርያም ዳገቱን ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ደብራቸው ቀሳውስቱም ዲያቆናቱም ዘመናዊ ስልክ ሲይዙ፣ እሳቸው ገና «ለእኔ ድምፄ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። ድምፅ ደግሞ ነበራቸው። በበዓል ቀን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ሲያነሡ፣ ከውጭ ወይራው ሥር ወሬ የያዘው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ድጓ ያስተምራሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ የድንበር ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚልኩት ወደ እሳቸው ነው። «መሪጌታ ብለውታል» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ስልኩን ያመጣላቸው ወልድያ የሚያስተምረው ልጃቸው ምሥጋናው ነው። ለወራት ተቋርጦ የነበረው ኢንተርኔት በተመለሰ ሰሞን መጥቶ፣ የሌላ አገር ሊቃውንት ዜማ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ሌላ ሰው ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰማሉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሰለችን ጠርተው «ስሚ፣ ስሚ እስቲ! ይቺ ላይ ሰውየው ከእኛ ይለያል» ይሏቸዋል። ወይዘሮ አሰለች ልዩነቱ ባይገባቸውም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ የሚፈሩት ነገር ነበር። አገሩ ደብተራን እያከበረ ይጠረጥራል። መሪጌታ ገና ወጣት ሳሉ የጎረቤት በሬ ድንገት ሞተና «ይህ ልጅ መተት ያውቃል፤ አዋቂ ዘንድ ይመላለሳል» የሚል ወሬ ተነሣባቸው። በአገሩ አዋቂ ሲባል ጠንቋይ ማለት ነው። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ግን እስኪበርድ ድረስ ሰው ሰላምታቸውን በግማሽ አፉ ነበር የሚመልስላቸው። ያንን ጊዜ አልረሱትም።

በጥቅምት፣ በጽጌ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎንደር ሊቃውንት የሚያዜሙትን ማኅሌት ፍለጋ አንዱን ነካ ሲያደርጉ ስልኩ በእጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። መስተዋቱ ደም መሰለ። እንደ አምቡላንስ ያለ ጩኸት ወጣ። በተሰባበረ አማርኛ እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦

«ማስጠንቀቂያ! የአዋቂዎች ጣቢያ በመጎብኘትዎ ስልክዎ በከባድ ቫይረስ ተበክሏል። አሁኑኑ ካላጸዱ ሁሉም ፋይል ይጠፋል፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያውቁ ይደረጋል።»

ከሥሩ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነበር።

መሪጌታ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የታያቸው አንድ ቃል ነው፤ አዋቂ። ማን ነገራቸው? የአዋቂ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ግን ያኔም ረግጠው አልነበረም፤ ማን አመናቸው? ለማጥፋት ሞከሩ፤ ቀዩ ገጽ ተመልሶ መጣ። በጋቢያቸው ጠቀለሉት፤ ጩኸቱ አልበረደም።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ ወይዘሮ አሰለች ከጓሮ።

«ምንም አይደል! የስልክ ዘፈን ነው» አሉ መሪጌታ፤ በሕይወታቸው ዘፈን ከፍተው የማያውቁት ሰው።

ከሰዓቱ ሥር «አሁን አጽዳ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ነበር። ተጫኑት። አንድ ነገር ወረደና «ፍቀድ» አላቸው፤ ፈቀዱ። ደግሞ «ፍቀድ» አለ፤ ፈቀዱ። ጩኸቱ ቆመ። መሪጌታ አማተቡና «ተመስገን» አሉ። የፈቀዱት ምን እንደሆነ አላነበቡም። ስልካቸው ላይ የተመዘገበው ሰው ሁሉ ቁጥር በዚያ ፈቃድ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰብሌ ደወለች። ሰብሌ የይታገሱ ሚስት ናት። ይታገሱ ለብዙ ዘመን በማኅሌት ከመሪጌታ ጎን የቆመ ወዳጃቸው ነበር፤ ባለፈው ኅዳር ዐረፈ። እሷ ላሊበላ ከተማ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች።

«እንዴት አደሩ መሪጌታ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ከእርስዎ መልእክት ደርሶኛል። ‹ስልክሽ ተበክሏል፤ እኔ በዚህ ድኛለሁ፤ ፈጥነሽ ተጫኚው› ይላል። እርስዎ ነዎት የላኩልኝ?»

መሪጌታ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ። አልላኩም። አይደለሁም ቢሉ ግን «ታዲያ ከእርስዎ ስልክ እንዴት መጣ?» ትላለች። ከዚያ ምን እንደነካቸው ትጠይቃለች። ከዚያ ያ ቃል ይመጣል።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ የላክሁት።»

«ልጫነው ታዲያ?»

«ተጫኚው።»

«እርስዎ ካሉማ እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ዘጉ። ጥቂት ቆይተው «ምን ይሆናል፣ የእኔንም ጩኸቱን አቁሞልኝ የለ?» ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

የእሳቸው ስልክ ግን በዚያው ቀን ማበድ ጀመረ። ሳይናገሩበት ካርዱ ያልቃል። ዜማ ሲከፍቱ መሀል ላይ ራቁት ሴት ብቅ ትላለች። አንድ ጊዜ ይኸው የደረሰባቸው ደቀ መዛሙርቱ ፊት ነበርና ስልኩን ከጉያቸው ወሽቀው፣ ትምህርቱን ቶሎ ፈቱና ገቡ። ያን ዕለት አጥፍተው ከገብሱ ጎታ ውስጥ ቀበሩት። የደብሩ ቄስ «መሪጌታ፣ ምን ነገር ነው የላኩልን?» ብለው ሲጠይቋቸው «ተበላሽቷል» ብለው አለፉ።

በዚያው ወር በማርያም ዕለት ሰብሌ ደብሯን ልትሳለም መጣች። ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር አገኘቻቸው።

«ጉድ ሆንኩ እኮ መሪጌታ። ያን ነገር ስጫነው ስልኬ ቀይ ሆኖ ተቆለፈ። ክፈይ ይለኛል። ደንግጬ መናኸሪያው ጋ ላለ ልጅ ሰጠሁት፤ ያለበትን ሁሉ ጠርጎ ከፈተልኝ። የይታገሱ ድምፅ ሄደ። ያ የቀረጽኩት፣ ታሞ ተኝቶ ሳለ እንኳ ያዜመው፣ ሁሉም።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«እርስዎንማ ምን እላለሁ» አለች ሰብሌ። «እርስዎ ሊያድኑኝ ብለው ነው። ጥፋቱ የእኔው እጅ ነው።»

ብትሰድባቸው ይሻል ነበር። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ቤት የሚባለው ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ።» እሷም እንደ ለቅሶ ቤት አሜን ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ለማኅሌት ይቆማሉ እንጂ ድምፃቸው አይወጣም። «ጉንፋን ነው» ይላሉ። እህል አይበሉም። ሰው «መሪጌታ ብለውታል» ሲል በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ።

ወይዘሮ አሰለች ገብስ ሊሰፍሩ ጎታው ውስጥ እጃቸውን ሲሰዱ ስልኩን አገኙት። አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡት።

«ስልክ ይዘራል እንዴ?»

መሪጌታ ነገሩን ሁሉ አወሩ፤ ቀዩን ገጽ፣ አዋቂ የሚለውን ቃል፣ አረንጓዴውን ቁልፍ። ወይዘሮ አሰለች እየሰሙ ቆዩና «ይህን እንኳ ይተዉት» አሉ። «ማንም ይደነግጣል። ሰብሌን ምን አሏት?»

«እኔ ነኝ የላክሁት አልኳት።»

«ድምፁ ጠፋ ስትልዎስ?»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት።»

ወይዘሮ አሰለች ቀና ብለው አዩዋቸው። በትዳራቸው ሁሉ ባላቸውን እንዲህ አይተዋቸው አያውቁም። «ነገ ይውረዱ ላሊበላ» ብቻ ብለው ወደ ገብሱ ተመለሱ።

ላሊበላ ገበያው አጠገብ ጣሃ የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ። መሪጌታ ከፊታቸው የነበረው ደንበኛ እስኪወጣ ከደጅ ቆሙ። ጣሃ ስልኩን ሲያበራው ያቺ ራቁት ሴት ዓይን ለዓይን መጣች። ጣሃ ቶሎ ብሎ መስተዋቱን ወደ ራሱ አዞረ፤ ምንም አላለም። መሪጌታ ግን ጆሯቸው ድረስ ነደዱ።

«አብሽሩ መሪጌታ፤ ይጠፋል» አለ። «ጫን የሚል ቀይ ነገር መጥቶብዎት ነው አይደል?»

«አዋቂ ዘንድ ሄደሃል አለኝ። ወንድሜ፣ በእመቤቴ ስም፣ እኔ ጠንቋይ ቤት ሄጄ አላውቅም።»

ጣሃ ሳቁን ዋጠ። «እሱ እንኳ ጠንቋይ ማለቱ አይደለም። አዋቂ የሚለው… ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የነውር ፊልም ነው። ከባዕድ ቋንቋ ሲገለብጡት ነው እንዲያ የሆነው።»

«ይባስ!» አሉ መሪጌታ።

«ለሁሉም ነው የሚልከው። ለሼኹም ለቄሱም እኩል። እርስዎን አያውቅዎትም። ስልክዎም ያኔ ምንም አልነበረበትም፤ በሽታው የገባው መድኃኒት ብለው ሲጫኑት ነው። የሚያነቡት ገጽ የስልክዎን ሆድ አያይም፤ ቫይረስ አገኘሁ ካለ ይዋሻል። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ምንም አይንኩ። ገጹን ይዝጉ፤ እምቢ ካለ ስልኩን ያጥፉት። ከዚያ ለሰው ያሳዩ።»

«ሰዓቱስ? ሲቆጥር ነበር እኮ።»

«ሰዓቱ የሚቆጥረው ሰው እንዳይጠይቁ ነው።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ መሬት መሬቱን አዩ። ጣሃ የማያውቁትን ነገር እየነቀለ ከስልኩ ሲያወጣ ቆየና፣ ለማጽናናት ይመስላል፣ «እኛ ሰፈርም አንድ ሐጂ ደርሷቸዋል» አለ።

«እሳቸውስ ተጫኑት?»

«አይ፤ ለልጃቸው አሳዩት።»

ስለ ሰብሌ ስልክም ጠየቁት። እሷም መጥታ እንደነበር፣ ሞክሮ እንዳልሆነለት ነገራቸው። የተጠረገው አልተመለሰም።

የእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ሰብሌ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። «መሪጌታ! ምን እግር ጣለዎት?» ብላ ወንበር ልታመጣ ተነሣች። አልቀመጥም አሉ።

«ሰብሌ፣ ያን መልእክት እኔ አልላክሁትም። ስልኬ ውስጥ ሌባ ገብቶ በስሜ ላከው። ስትደውዪልኝ ላፍር ነው ብዬ እኔ ነኝ አልኩሽ።»

ቢላውን አስቀመጠች። «ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። እኔ እንዳልላክሁት ግን አውቅ ነበር።»

«ማርያም ዕለት፣ ወይራው ሥር ስነግርዎትስ?»

«ያኔም።»

በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ መሪጌታ አላወቁም።

«እኔኮ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት» አለች። «ሞኝ ነሽ፣ እጅሽ ይቆረጥ እያልኩ።» ከዚያ ቢላውን አነሣች። «ይሂዱ መሪጌታ። ሥራ አለብኝ።»

በቀጣዩ እሑድ መሪጌታ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ወረብ የሚያወጣው ድምፅ ቀጥኖ ነበር። ቀዩን ገጽ ተናገሩ፤ የተከሰሱበትን ቃልም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቁና ቀጠሉ።

«የተጫነ ካለ ስልኩን ጣሃ ዘንድ ይውሰድ። በስሜ ሌላ ቢመጣ አትንኩ። ደውሉልኝ፤ እኔ ነኝ የላክሁት ብዬ ብመልስላችሁም ለምን እንደሆነ ጠይቁኝ። መሪጌታ ስላለ ብቻ አትመኑ። ስልክ ቢጮህባችሁ፣ የሚያሳፍር ነገር ቢላችሁም፣ ለሰው አሳዩ። እኔ ደብቄ ነው የሰው ንብረት ያጠፋሁት።»

የማን ንብረት እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሱን መናገር የሰብሌ ፈንታ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ታፈረ የሚባል ገበሬ ቀረ። ሰው እንደሌለ ዙሪያውን አይቶ፣ ከካፖርቱ ውስጥ ስልክ አወጣ። «ለእኔም መጥቷል። ፖሊስ ሊይዝህ ነው ይላል። ለሚስቴም አልነገርኩ።» መሪጌታ ቀዩን ገጽ ሲያዩ እሳቸውም ልባቸው ደነገጠ። አብረው አጠፉት። ከታፈረ በኋላ ሌሎችም በየተራ መጡ፤ ሁሉም ለብቻ፣ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መሪጌታ የመጣውን ሁሉ ያዩለታል። ታዲያ አንዱ እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲላቸው ቀና ብለው አያውቁም።

በኅዳር የይታገሱ ሙት ዓመት ደረሰ። ሰብሌ በወይዘሮ አሰለች በኩል «መሪጌታ ይምጡ» ብላ ላከች። ሄዱ፤ ጸሎቱን መሩ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው ባይሆንም ወጣ። ማዕድ ሲቀርብ ሰብሌ እንደማንኛውም እንግዳ መታጠቢያ ይዛ መጣችና ውሃውን እጃቸው ላይ አፈሰሰችላቸው። አላየቻቸውም። እሳቸውም እጃቸውን ታጥበው፣ ከካህናቱ መሀል ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ።