እግሬን የመለሰልኝ የጋሪ መንገድ

መጀመሪያ የደነዘዘኝ የግራ ውስጥ እግሬ ነው። ሮቤ ባለው ሱቄ ቆሜ ቀለምና ሚስማር እየሸጥኩ ሳለ ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ አራገፍኩት፤ ምንም የለም። ወደ ማታ ቀኙም ያንኑ ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ ተቅማጥ ይዞኝ ለቆኝ ነበር፤ ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም። እኛ ባሌዎች እግር ሲደነዝዝ የምንከሰው አንዱን ብርድን ነው። ባለቤቴ ዘይነባ እግሬን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ ጎረቤት በቅቤ አሸኝ፣ እኔም "የሳነቴ ተራራ ንፋስ ነው፣ ያልፋል" እያልኩ ሥራዬን ቀጠልኩ።

እኔን የሚያውቀኝ ሰው በሱቄና በሳይክሌ ነው የሚያውቀኝ። ጎባም አጋርፋም ስሄድ ሳይክል ነበር የምነዳው። ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጠው የሚያዛጉ ወዳጆቼን እጄን እያውለበለብኩ ሳልፋቸው የነበረኝ ጉራ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር። ስለዚህ እግሬ ደንዝዞም ሳይክሉን አልተውኩትም። አንድ ጠዋት ልወጣበት እግሬን ላንሳ ስል እምቢ አለኝ። ከነሳይክሌ በሱቄ ደጃፍ ተዘረርኩ።

ዘይነባ ጎባ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የተቀበለችን ዶክተር ጉልበቴን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ መታ አደረገችው። የጤነኛ ሰው እግር ሲመቱት ይፈናጠራል። የእኔ ዝም አለ። ከወገቤ ፈሳሽ ወስዳ አስመረመረች።

"ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል" አለችኝ። "ስትሮክ አይደለም። ተቅማጡን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ ነርቮችዎን እያጠቃ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። አሁን የምፈራው ለእግርዎ ሳይሆን ለትንፋሽዎ ነው።"

ድንዛዜው ወደ ላይ ወጣ። ጉልበት። ጭን። ወገብ። እጄ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ዶክተሯ እየመጣች "በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩ" ትለኛለች። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያልኩ በኦሮምኛ ቆጠርኩላት። በማግስቱ ትናንት የደረስኩበት ቁጥር ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀብኝ። ዘይነባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያኔ ፈራሁ። ሞትን ፈራሁ።

ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒት የዘይነባ ወንድም በረዶ በታጨቀ ሳጥን ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። በደም ሥሬ ሰጡኝ። ቁጥሬ መውረዱን አቆመ። ቆየና አንድ ጠዋት ከትናንቱ አለፍኩ። ዶክተሯ "ይበቃል፣ ይበቃል" ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን አፌ አልዘጋ ብሎኝ ትንፋሼ እስኪያልቅ ቆጠርኩ። አልሐምዱሊላህ!

ትንፋሽ በቶሎ ተመለሰ፤ እግር ግን ኩርፊያው ረጅም ነው። እግሬን የሚያለማምደኝ የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኝ ነበር። እኔም ያ እንቁላል ሆኜ ሁለት ብረት ጨብጬ መንገዳገድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከጥግ አቧራ የለበሰ ባለበት ቆሞ የሚሽከረከር ሳይክል አወጣና አስቀመጠኝ፤ እግሬን በጨርቅ ከፔዳሉ ጋር አሰረልኝ። ገፋሁ። ዞረ! መቆም ያቃተው እግር ፔዳል ያዞራል! ከደስታዬ ብዛት እንደ ሕፃን ጮህኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ ከት ብሎ ሳቀና ማስጠንቀቂያውን ጨመረ።

"ወደፊት ውጭ መንዳትዎ አይቀርም፤ አስፋልት ላይ ግን በፍጹም። ሚኒባስ ሲያንባርቅብዎ እግርዎ ቶሎ መሬት አይደርስም። መኪና የሌለበት መንገድ ይፈልጉ። ሳይደክምዎት ይመለሱ።"

መኪና የሌለበት መንገድ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሮቤንና ጎባን የማውቃቸው በአስፋልቱ ነበር። ቤቴ ከገባሁና ዱላ ይዤ መቆም ከቻልኩ በኋላ ዘይነባ ሳይክሉን ደግፋልኝ፣ እኔም አጥሩ ሥር ያለው የአፈር መደብ ላይ ቆሜ ወጣሁና ከሰፈራችን ጀርባ ባለው የጋሪ መንገድ ገባሁ። ወገኖቼ፣ ይህን አገር የት ደብቃችሁብኝ ኖሯል? ከከተማው ጀርባ ያለው መሬት በግራም በቀኝም ስንዴ ነው፤ ጎማዬ ሁለት የጋሪ ቦይ ይዞ በመሀሉ ይሄዳል፣ ንፋሱ ዛላውን እያስተኛ ከእኔ ጋር ይሽቀዳደማል፣ ወደ ደቡብ ቀና ሲሉ ተራራው ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይታያል። ጡሩምባ የለም፤ የአይሱዙ ጭስ የለም። ከምሰማው ድምፅ ሁሉ ትልቁ የገዛ ትንፋሼ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለመስማት ያልጓጓሁበት ቀን የለም። መንገዱ ሻያ ወንዝ ዳር ወርዶ እንደገና ወደ ገብሱ ይወጣል፤ ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ ጭቃ ጎማ አላስዞር ይላል፣ በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ግን ደርቆ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ገፋሁበት፤ ጭኔም እየሞላ መጣ።

ችግሩ መውረድ ነበር። ሜዳ ላይ ከወረድኩ እግሬን ኮርቻው ላይ መልሼ ማውጣት አልችልም። እዚያው መቅረቴ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ፈረስ ላይ ያለ ሰው መንገድ ዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ካየ ይወርዳል፤ ልጓሙን ይዞ ቆሞ ሰውን፣ ከብትን፣ ዝናብን እየጠየቀ ሰላምታውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሳይክልም ያው ፈረስ ነው።

በመንገዱ አጋማሽ የሐጂ ጀማል ግቢ አለ። ሐጂ በዚያ አካባቢ ተው ሲሉ የሚሰሙ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ከእኩዮቻቸው ጋር አጥራቸው ሥር ይቀመጣሉ። እኔ ሞኙ ምን አደረግኩ? ኮርቻዬ ላይ እንደተቀመጥኩ "አሰላሙ አለይኩም!" ብዬ አለፍኩ። በዚያ ላይ ደስታው አቅሌን አስቶኝ ደወሌን ደወልኩላቸው። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ባለፍኩ ቁጥር። ታምሜያለሁ ብሎ ለመናገር ያ አሮጌ ጉራዬ አልፈቀደልኝም።

አንድ ቀን ስደርስ መንገዱ በእሾህ ታጥሯል። ፍሬን ያዝኩ። የምደገፍበት ነገር የለም። ቀስ ብዬ፣ እያየሁት፣ አዲስ የታረሰው መሬት ላይ ወደቅኩ። መነሳት አቃተኝ። ሐጂ ጀማል ከዘራቸውን ይዘው መጥተው ከአናቴ ቆሙ።

"እሰይ፣ በመጨረሻ ወረድክ!" አሉኝ።

የማዝነውም የምስቀውም ጠፋኝ። "ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ። ወላሂ ንቄዎት አይደለም። ከወረድኩ መውጣት አልችልም። እግሬ ታሞ ነው" ብዬ ከጉንዳኑ ጀምሬ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አሉ። "እኛ ጥጋብ መስሎን ነበር። ያውም ደወል ያለው ጥጋብ።" ከእኩዮቻቸው ጋር ሆነው በብብቴ ይዘው አነሱኝ፣ ሳይክሉ ላይም አስቀመጡኝ። ከመልቀቃቸው በፊት ግን ሐጂ እጄን ያዙኝ። "እስኪሻልህ ከላይ ሆነህ ሰላም በል፤ ፈቅደናል። አንድ ቀን ግን ትወርዳለህ፤ ወርደህም ራስህ ትወጣለህ። እኔ ሳልሞት ይሁን።"

በሚቀጥለው ስመጣ እሾሁ ተነስቷል። ከአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋዮች ደረጃ ሆነው ተደርድረዋል። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ተስቦ ተዛመተ! የወንዙ ማዶ ሰዎች በራቸው ላይ ሠሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ከእነሱ አስበልጠው ሠሩ። ከመኪና የሸሸሁበት መንገድ በየደጃፉ መወጣጫ አበቀለልኝ። በፈለግኩበት ወርጄ ዐርፌ መውጣት ስችል ጎባ አፋፍ ድረስ መሄድ ጀመርኩ። ሐጂ በር ላይ ግን አልወረድኩም። እዚያ የምወርደው ያለ ድንጋይ መውጣት የቻልኩ ቀን ነው ብዬ ነበር።

ኮምባይነር ስንዴውን አጭዶ መሬቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ጊዜ ያ ቀን መጣ። ፍሬን ያዝኩ። እግሬን አሻገርኩ። መሬት ተቀበለኝ። ሳይክሉን አስተኝቼ፣ ሄጄ፣ የሐጂን እጅ በሁለት እጄ ያዝኩ። "አካም ጂርተኒ? ወርሪ ነጋ ዳ? ሎን ነጋ ዳ?" የወራት ሰላምታ ነበረብኝና እሳቸውን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዶሮ እንኳ ሳይቀር ጠየቅኩ። ከዚያ ከድንጋዩ ራቅ ብዬ እግሬን አነሳሁ። ኮርቻውን ነክቶ ተመለሰ። ደግሜ አነሳሁ። ወጣሁ! "ማሻአላህ!" የሚለው ድምፅ ከአጥሩ ሥር ሲነሳ እኔ አለቅስ ነበር።

በዚህ ሕመም ለተያዛችሁና ለአስታማሚዎቻችሁ የምለው ይህ ነው። ውስጥ እግር ላይ የጀመረ ድንዛዜ ወደ ላይ ከወጣ ብርድ ነው ብላችሁ እንደ እኔ አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ትንፋሽ ካጠረማ ሩጡ። እግር ሲዘገይ ተስፋ አትቁረጡ። የደከማችሁ ዕለት ዕረፉ። ሐኪማችሁ ከፈቀደላችሁ መኪና የማይደርስበት መንገድ ፈልጉ፤ እዚያ ለሚቀመጡት ሰዎች ደግሞ መታመማችሁን ንገሯቸው። ዶክተሯን፣ ፊዚዮቴራፒስቱን፣ የዘይነባን ወንድም አላህ ይስጥልኝ። ስለ ዘይነባ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም፤ ሳይክሉን ደግፋ በያዘችልኝ ቁጥር እንዳልወድቅ ትፈራ ነበር፣ አንድም ቀን ግን እምቢ አላለችኝም።

በቅርቡ ሐጂን "እንግዲህ ድንጋዩን ላንሳልዎት፣ በርዎን ዘጋ" አልኳቸው። ፈረሳቸውን ከጓሮ እየሳቡ አመጡና ድንጋዩ አጠገብ አቆሙት። አንዱን ደረጃ ረገጡ፣ ቆም ብለው ተነፈሱ፣ ሁለተኛውን ረገጡ። እኔም ሳይክሌን አስተኝቼ ሮጥኩና፣ አዎ፣ ሮጥኩና፣ እስኪወጡ ድረስ ልጓሙን ያዝኩላቸው።