አገጯ ላይ ያሉት ሰባት ነጥቦች

በስደት ባለሁበት ከተማ፣ አርካዊት የሚባል ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት የገባሁት ለጽዳት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ጋሽ ሙላት ማባዣ ማሽኑን አሳዩኝና ጥቁር ብቻ እንደሚያትም ነገሩኝ። ግራጫ የለውም። ግራጫ የሚመስለን የጥቃቅን ነጠብጣቦች መጠጋጋትና መራራቅ ነው።

ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አፍራለሁ፤ ኮምፒውተር ግን አያሳፍርም። ወለሉን ጨርሼ፣ ፎቶን ወደ ነጠብጣብ የሚቀይረውን ፕሮግራም እነካካ ነበር። አንዱ ስልት ነጠብጣቡን እንደ ወንፊት ይደረድራል። ሌላው ስልት ደግሞ አንዱ ነጠብጣብ ያልቻለውን ጥላ ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ ፊት የሚለሰልሰው በዚህ ነው። ልብሱን በአንዱ፣ ፊቱን በሌላው እያደረግሁ እሞክር ነበር። በዓመቱ ጋሽ ሙላት ፎቶውን ሁሉ ለእኔ ተዉልኝ።

አንድ ቀን ዘሃራ የምትባል የወሎ ልጅ መጣች። ዐማራት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። እህቷ ሰአዳ ከጠፋች አራት ቀን ሆኗታል። ማስታወቂያ አባዝታ እዚህ ረክሻ ለሚባለው ባጃጅ ነጂዎች ልታድል ነው፤ አሠሪዋ መዳም የፈቀደችላት ግን እስከ አስር ሰዓት ብቻ ነው። ስልኳ ላይ ያለው ፎቶ ትንሽና ጠቆር ያለ ነበር።

ጋሽ ሙላት “ያላ፣ ከህረባው ሳይጠፋ” አሉኝ፤ መብራቱ ሳይሄድ ቶሎ በይ ማለታቸው ነው። ፎቶው ላይ የሰአዳ አገጭ ላይ ብትንትን ያለ ጥቁር ነገር አየሁ። የፎቶው ቆሻሻ መሰለኝ፤ መጠየቅ አፍሬ አጠፋሁት።

መቶ ወረቀት ወጣ። ዘሃራ አንዱን አንስታ ብዙ አየችው።

“ንቅሳቷስ?” አለች። “አሠሪዎቿ በሌላ ስም ነው የሚጠሯት። በንቅሳቷ ካልሆነ በምን ይለዩአታል?”

ጋሽ ሙላት አዩና “አሳምረሽ ሌላ ሰው አደረግሻት” አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። አምፖሉ ሁለቴ ብልጭ ድርግም አለ። ከዋናው ፎቶ እንደገና ጀመርኩ። ወንፊቱ ንቅሳቱን ቆራረጠው፤ ለስላሳው ደግሞ ከጥላው ጋር አቀላቀለው። የንቅሳቱ ነጥብ የማሽኑ ነጠብጣብ ውስጥ ጠፋ።

“ስንት ናቸው?” አልኳት።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆጠረችልኝ፤ ሰባት። አገጩን ለብቻው ቆርጬ ቆዳውን አፈካሁት፤ ሰባቱን ነጥቦች ያለ ምንም ስልት ድፍን ጥቁር አደረግኳቸው፣ ከማሽኑ ነጠብጣብ ተለቅ አድርጌ። ሠላሳ ወረቀት እንደወጣ ከህረባው ሄደ። ዘሃራ ያንኑ ይዛ ሮጠች።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። ሰአዳ ጀብራ በሚባል ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ታማ፣ መናገር አቅቷት ተኝታ፣ መታወቂያ ወረቀት ስላልነበራት ማንነቷን ያወቀ አልነበረም። አንድ ረክሻ ነጂ ማስታወቂያውን ለክሊኒኩ ዘበኛ አሳይቶት ነው የተገኘችው። ዘበኛው ፊቷን አላስታወሰም፤ አገጯን ነው ያወቀው።

አሁንም ሰው አፍራለሁ። ፎቶ ላይ ቆሻሻ የሚመስል ነገር ሳይ ግን ፎቶውን ያመጣውን ሰው ሳልጠይቅ አላጠፋም።