ጋሽ ኦይታ ያጠቧት መስኮት

ጋሽ ኦይታ ቆሻሻ አይወዱም። ከኦቾሎ መንደር ወደ አርባ ምንጭ ወርደው የቤተ ሙከራችን ጽዳት ሠራተኛ ሆነዋል። እኔ ታይፒስቷ ልክነሽ ሻዬን አስቀምጬ ዘወር ካልኩ ብርጭቆዬን ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘዋለሁ። ሻዩስ? አይጠየቅም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከውጭ አገር አንድ መሣሪያ በእርዳታ መጣልን። ዓይን የማያየውን ታህተ ቀይ ጨረር የሚለካ ነው አሉ። ጨረሩ የሚያልፍባት መስኮት ከሃምሳ ሳንቲም ትንሽ የምትሰፋ፣ ጥርት ያለች ነገር ነበረች።

ጋሽ ኦይታ በየጠዋቱ እያወለቁ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሏታል። ደበዘዘች። እልህ ያዛቸውና በሳሙና አጠቧት። ባጠቧት ቁጥር ሳሳች፤ በወሩ መሐሏ ተሰረጎደ። የንብረት ኮሚቴው ተሰበሰበ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ሀይሌ ጠረጴዛ መቱ። «መስታወት በውሃ ሲያልቅ የት አይተሃል? እውነተኛውን ሸጠህ ሌላ ተክተሃል። አሻጥር ነው!»

በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ከሥራ ቢባረር ዕድለኛ ነው፤ ወህኒም አለ።

«እኔ አጠብኩ እንጂ አልሸጥኩም» አሉ ጋሽ ኦይታ። አንጀቴን በሉት።

ዋስ ሊሆናቸው የመጣው ጎረቤታቸው ባድሩ ገበያ ውስጥ ጨው ይነግዳል። መስኮቷን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ብርሃን አያት፤ ጠርዟ ላይ ቀጥ ብሎ የተፈረከሰውን በጥፍሩ ዳሰሰ። ከዚያ እንደ ገበያው ልማድ ላስ አደረጋት።

«ጓዶች፣ ይሄ ጨው ነው። ንጹሕ ጨው!»

ሁሉም ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ አቶ ላቀው ዞረ።

«አዎ፣ ጨው ናት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ያንን ጨረር መስታወት ያግደዋል፣ የጨው ድንጋይ ግን ያሳልፈዋል። ውሃ ሲነካት ደግሞ ትሟሟለች።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አሉ ጓድ ሀይሌ።

«ጨው በጠፋበት ዓመት ጨው ናት ብል ወጥ ውስጥ ትገባለች ብዬ ፈራሁ።»

ጋሽ ኦይታ ወህኒ ሊወርዱ ሲሉ እንኳ አቶ ላቀው ዝም ማለታቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«ይጣራ!» አሉ ጓድ ሀይሌ፤ ራሳቸው ላሱ። ስድስቱም አባላት በተራ ላሱ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ጣዕሙ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ኦይታ ነጻ ወጡ።

ቁራጯን ሲያስረክቧቸው በምራቅ ርሳለች። ፊታቸውን አጨማደዱ፤ በሁለት ጣት ይዘዋት ወደ ቧንቧው አመሩ።

«ጋሽ ኦይታ!» ጮኹ አቶ ላቀው።

«ምነው ልጄ» አሉ ጋሽ ኦይታ፣ «ስምንት ሰው የላሰውን ሳላጥብ ላስቀምጥ?»