የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ ተማሪዬ

"ልጄን በሩጫ ስም ለማን ሰጠሻት?" አሉኝ ዛሬ የጎበዟ ተማሪዬ እናት፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ልጅቷን ይዘው ጠብቀውኝ።

ልጅቷ የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወሩ ነው። እርጉዝ አለመሆኗን የጤና ጣቢያው ወረቀት ይናገራል፤ እናቷ ግን ማንበብ አይችሉም፣ እኔን ደግሞ አያምኑኝም።

የስፖርት መምህርት ነኝ። ልክ ያለው ስፖርት ለወር አበባም ለጤናም ጥሩ ነው፣ ብዙ እየሮጡ ትንሽ መብላት ግን ያስቀረዋል ብዬ አስረዳኋቸው። (ክፍል ውስጥም ይህን ሳስተምር የሚሰማኝ የለም፤ ሁሉም ኳሱን ነው የሚጠብቀው።) ልጅቷ ከምትኖርበት ከማንኩሳ እስከ ትምህርት ቤት ቁርስ ሳትቀምስ ነው ሮጣ የምትመጣው።

"መክሳቷን አላየሽም?" አሉኝ።

አይቻለሁ። ስትከሳ የሩጫ ሰዓቷ ስለተሻሻለ አጨብጭቤላታለሁ።

የልጃቸውን ክንድ ይዘው ሄዱ። እሷም ያዋስኳትን የሩጫ ጫማ አውልቃ እጄ ላይ ትታልኝ ሄደች።

መምህራን ጓደኞቼ፣ እናንተ ለእንዲህ ያለች እናት ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር?