የአያቴን ስም የጠራሁ ቀን

ልጄ ትናንት ወልድያ፣ ቤታችን በር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ሰጠችኝ። ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ገጽ ነው አለች። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነውና ቀስ እያልኩ አነበብኩት፤ ፎቶዋ፣ ስሟ እስከ አያቷ፣ የተማረችበት፣ የምንኖርበት ሰፈር ሳይቀር።

«ይህን ማን ያያል?»

«ማንም ያያል፣ አባዬ። ካልታየሁ ማን ይቀጥረኛል? ይኸው ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ለፈተና ጠሩኝ።»

«ማንም» ያለችው የድሮ ነገር አስታወሰኝ።

ጎረምሳ ሳለሁ አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ መንደራችን ግራና ላይ በመስኖ ውኃ ተጣልቶ ሰው ገደለና ጠፋ። ያኔ እርቅ አልወረደም ነበር። ደመኛ ደግሞ ገዳዩን ካጣ ከዘሩ ያገኘውን ወንድ ይመታል። እናቴ «ከአባትህ ስም በላይ አትጥራ» ብላ መርሳ ወደምትባል ከተማ ለሥራ ሰደደችኝ። ምክሩ ነፍስ ያድናል፤ እንጀራ ግን አያበላም። ዘሩን የማያውቀውን ሰው ማን አትክልቱ ውስጥ ያስገባል? ማሽላው እሸት ይዟል፣ አገሩ ይበላል፣ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ የአውቶቡስ አቧራ እውጣለሁ። በመጨረሻ የብርቱካን እርሻው ባለቤት አቶ ይማም መጡ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሞላ።»

«ሞላ ስንቱ ነው! የማን ሞላ?»

ረሃብ አፌን ከፈተው። «የአበጋዝ የልጅ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።»

«የአበጋዝ? የዚያ ጎበዝ አራሽ? ታዲያ ምን አፍህን ለጎመው! ና፣ ውኃውን አንተ ትመራለህ።»

ሌላው ሲሸከም እኔ ቦይ ከፋች ሆንኩ። ስም እንዲህም ያበላል።

ምሳ ላይ ንፍሮ ስንበላ አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ብርቱካን በቢላዋ እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣ «የአበጋዝ የልጅ ልጅ ነህ አሉ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ሁሉም። ማደሪያህስ የት ነው?»

ግማሹን ብርቱካን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩም። ውኃውን ልይ ብዬ ተነሣሁና ማሽላው ውስጥ ገብቼ በደረቴ ተኛሁ። ቅጠሉ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሽንቴ ያመልጠኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ ተጠራሁ። «ታደሰ! ታደሰ ሞላ!» የአቶ ይማም ድምፅ ይመስላል፤ የሌላም ይመስላል። አልመለስኩም። በማሳ በማሳ ወደ ወልድያ ሸሸሁ። ያን የመሰለ ሥራ ዳግም አላገኘሁም።

ሰውዬው ደመኛ ይሁን ማደሪያ ሊሰጠኝ ያሰበ ደግ ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። እርቁ ከወረደ ስንት ዘመኑ፤ ፍርሃቱ ግን ከእኔ ጋር አልታረቀም።

ለልጄ ነገርኳት። «ልሰርዘው?» አለች። ሰርዢው ብላት መንገድ ዳር ላቆማት ነው። «ሰፈሩንና የአያትሽን ስም አጥፊ፤ ሌላውን ተይው» አልኳት። አጠፋች። ያየው ግን አንዴ አይቶታል። ሰኞ ኮምቦልቻ ትሄዳለች። ፋብሪካ ነን ያሏትን ሰዎች አላውቃቸውም። አብሬያት እሄዳለሁ፤ ብትቆጣም ትቆጣ።